አንጓች ያየችው ንፍፊት

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1958

አንጓች መጣች። ማንም አልጠራትም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትታጠባለች፤ በእኔው ጣሳ። ከስማዳ ድረስ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ተልባና በሶ አዝላ።

"ጫኔ ታሟል ሲሉ ሰማሁ፤ ምነው ሳትልኩብኝ?" አለችኝ።

ምን ብዬ ነው የምልክባት? የባሌን የቀድሞ ሚስት፣ ባሌ ታሟልና ነይ አስታሚልኝ ልበላት?

ገብታ አየችው። "ከሳህ አንተ" አለችው። አንተ ነው የምትለው። እኔ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ እስካሁን "እርስዎ" ነው የምለው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ካገባኝ ጀምሮም አፌ የለመደው ይህንኑ ነው። እዚህ ደብተር ላይ ማንም ስለማያይብኝ ብቻ "እሱ" እያልሁ እጽፋለሁ። እሷ አንተ አለችው፤ እሱም ሳቀ። ከገና ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ጾሙ ዛሬ ገባ። የምሰግደው ስግደት ሁሉ ለእሱ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ስሰግድ ግን የማስበው ያቺን ጣሳ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

ከሰዓት በኋላ ስገባ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ።

"ቆይ እቴ የሻረግ፣ እያጠብሁት ነው" አለች።

በገዛ ቤቴ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ጎረቤቶቼ እያዩኝ። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ ሰማሁ፤ ስለ አንዲት ገደል ስለገባች ላም ነው የሚያወሩት። ሁለቱም ያቺን ላም ያውቋታል።

ከታመመ ወዲህ ገላውን ለእኔ አሳይቶኝ አያውቅም። መደቡ ላይ ብቻውን ነው የሚተኛው፤ ላቤ ይሸታል፣ እንቅልፍ እነሳሻለሁ ይላል። ውሃ አሙቄ ሳቀርብለት "አስቀምጪውና ውጪ" ነው የሚለኝ። እኔም እወጣለሁ። ጨዋ ሚስት ነኝ ብዬ።

ሥራው ከብት መከተብ ነው። በመሥሪያ ቤቱ በቅሎ ጋይንትን፣ ስማዳን፣ እስቴን ሲዞር ነው ዓመቱን የሚፈጀው። በኅዳር ከእስቴ ሲመለስ በቀኝ በኩል ከጎድኑ በታች ከበደኝ አለ። ከዚያ ማበጥ ጀመረ። ፊቱ አለቀ፣ ሆዱ ገፋ። መጀመሪያ አሜባ ነው ተብሎ መርፌ ተወጋ፤ ምንም። ጠበል ገባ፤ ሕመሙ ቀለል አለለት፣ እብጠቱ ግን አልሄደም። በመጨረሻ ደብረ ታቦር ወሰድሁት። ሐኪሙ በጎኑ ረጅም መርፌ አስገብቶ ክር የመሰለ ሥጋ ከጉበቱ አወጣና አዲስ አበባ ላከው። መልሱ እስኪመጣ ቤታችሁ ሁኑ፣ የካቲት 14፣ ሰኞ፣ ተመለሱ አለን። ስንወጣ ወደ ኋላ ጠርቶኝ የጉበት ነቀርሳ እንዳይሆን እንደሚፈራ፣ ከሆነ ግን መድኃኒት እንደሌለው ነገረኝ። ይህን ለጫኔ አልነገርሁትም። ለብቻዬ ተሸክሜዋለሁ።

አመሻሹ ላይ የንስሐ አባታችን መጡ። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል አዞለት ነበርና ይህንኑ ነገርኋቸው። "ሕመምተኛ ጾም የለበትም፤ ፈትቼሃለሁ፣ ጠጣ" አሉት። እምቢ አለ። እኔ ለመንሁት። እምቢ። አንጓች የወተቱን ኩባያ ከእጄ ወሰደችና "አባ ካሉህ በኋላ እምቢ ማለት ትዕቢት ነው" አለችው። ጠጣው፤ ጠብታ ሳያስቀር።

መጠጣቱ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ማን አጠጣው ብዬ ነው ያዘንሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ክፍል ውስጥ ቃል ሳስጽፍ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰጠሁ። ልጆቹ ተያዩ።

እሷ የምታውቀውን፣ እኔ የማላውቀውን ስቆጥር ዋልሁ። ተልባ ከማር ጋር እንደማይወድ። ትከሻው ላይ ያለው ጠባሳ ከየት እንደመጣ። እናቱ በምን እንደሞቱ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ልጃቸው። ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ በኩፍኝ ሞታለች። መሞቷን ሰምቻለሁ፣ ስሟን ግን ዛሬ ገና ነው የሰማሁት። ብርቄ። እንጀራ ሲቆርሱ ድንገት "ብርቄ ይኸን ጊዜ ታገባ ነበር" አለችው፤ እሱም አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ወጥ አወጣሁ። እኔ ልጅ አልሰጠሁትም። የሞተ ልጅ እንኳ የለንም አብረን የምናነሣው።

እንዲህ ብዬ መጻፌ ያስፈራኛል። ግን የተሰማኝ ይኸው ነው።

የተፋቱት በጠብ አይደለም። እሱ በክትባት ሥራ ወደ ከተማ ሲገባ እሷ የአባቴን ርስት ጥዬ አልሄድም አለች። በቃ። ተጣልተው በሆነ!

አመሻሹ ላይ ጓዳ ጠርቻት፣ ቤትሽም ከብትሽም እዚያ ሜዳ ላይ ነው፣ እኛ እንበቃዋለን፣ ነገ በጠዋት ብትነሺ መንገዱ አይመሽብሽም አልኋት። ድምፄን አላነሣሁም። ቀስ ብላ ሰማችኝና፣ ልጄን ባሌ እያያት ነው፣ ደብረ ታቦር አድርሼው ነው የምመለሰው፣ በቅሎ ላይ ብቻሽን አትችይውም አለችኝ። ባል እንዳላት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሌላ ባል አላት። ሌላ ልጅም አላት። ታዲያ የእኔን ምን ፈልጋ ነው?

ፀሐይ ስትገባ እንደ ልማዱ ትኩሳቱ ተነሣበት። ሸሚዙ በላብ ተነከረ። ልቀይርልዎ ብዬ ስጠጋ "አንጓችን ጥሪልኝ" አለኝ።

ጠራኋት።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

ወንዝ ወረድሁ፣ ልብሱን ላጥብ። ዘንቢሉን አንሥታ ተከተለችኝ። ሸሚዙን በእንዶድ እያሸች ሳለ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ያን ብሽሽቱ ላይ ያለውን ለሐኪሙ አሳይታችሁታል?"

የቱን ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።

"አዎ፣ አይቶታል" አልሁ።

"ደግ። እኔስ ንፍፊት ነው ብዬ ነበር። ንፍፊት ግን እግር ሲቆስል ነው የሚወጣ፤ ቁስሉ ሲሽር ይጠፋል። የሱ እግር ደህና ነው። እንቁላል ያህላል፣ ስነካውም አያመውም። አልወደድሁትም።"

ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራች። ምን እንዳለች አላስታውስም።

ሐኪሙ አላየውም። የዚያን ቀን ሲመረምረው ነርሷ አጠገቡ ቆማ ነበርና ጫኔ ከሱሪው በታች አላስነካም ብሎ ነበር። አንገቱንና ብብቱን ብቻ ነው የዳበሰው። እኔ ሚስቱ ደግሞ መኖሩንም አላውቅም። አላውቅም ብላት፣ ታዲያ አንቺ ምኑ ነሽ የምትለኝ መሰለኝ። ለዚህ ነው የዋሸሁት።

ቤት ገብቼ ልጠይቀው ሞከርሁ። "እርስዎ፣ ሌላ የሚያምዎት ቦታ አለ?" አልሁት። የለም አለ። ዞሮ ተኛ።

ንፍፊት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል እያልሁ ራሴን ሳታልል አመሸሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 11

ከንፋስ መውጫ በማለዳ ተነሣን። ርእሰ መምህሩ ፈቅደውልኛል። እሱ በቅሎ ላይ፣ እኔ በጎን፣ አንጓች ልጓሙን ይዛ ከፊት። የሚያየን ሰው ሁሉ ሚስቱ እሷ፣ እኔ እኅቱ የሆንሁ ነው የሚመስለው። አንዲት ሴትዮ "ባልሽን እግዜር ይማርልሽ" አለቻት። አንጓች "አሜን" አለች። አሜን! የእሷ ነው ብላ አላረመቻትም። እኔም አላረምሁም።

የጉና ነፋስ ፊት ይቆርጣል። ዳገቱ ላይ ጫኔን አስመለሰው። እኔ ጋቢውን ሳነሣ ኋላ ቀርቼ ነበር፤ ስደርስ አንጓች በነጠላዋ ከልላው ቆማለች። ከእኔ ነው የከለለችው። በነጠላዋ ላይ ዓይን ለዓይን ተያየን።

ክምር ድንጋይ ከተማ የእግዜር እንግዳ ብለን አንድ ቤት አደርን። ደግ ሰዎች ናቸው። ለሕመምተኛው መደቡን ለቀቁለት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ደብረ ታቦር ገባን። ደክሞኛል። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ የዝክር ዳቦ የያዙ ሰዎች መንገድ ላይ ሰጡን። ጫኔ ትንሽ ቆርሶ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። ለእሷ አልሰጣትም። ይህንን መጻፌ ያሳፍራል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

እሑድ፣ የካቲት 13

ከቅዳሴ መልስ፣ እሱ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ እኔና አንጓች የተከራየነው ቤት አጥር ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። አልቻልሁም። ለምን እንደመጣሽ ንገሪኝ አልኋት።

"መሞቱን በመርዶ ከምሰማ ብዬ ነው" አለች። ቀጥላም፣ "አንቺ በእኔ ትቀኛለሽ፤ አውቄዋለሁ" አለች።

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ።

"እቴ፣ እኔን እኮ አይፈራኝም። የማይፈሩትን ሰው ገላ ቢያሳዩት ምን ይደንቃል? ለበቅሎውም ያሳያል። ዓርብ ዕለት ዳገቱ ላይ ሲያስመልሰው ምን አለኝ መሰለሽ፤ የሻረግ እንዳታየኝ ከልይኝ ነው ያለኝ። እኔ አብሬው ስኖር አንድ ነገር ደብቆኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ አንጓች እንዳታየኝ ከልሉኝ ብሎ ለሰው ተናግሮ አያውቅም።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እሷም ትቀናለች ለካ። በእኔ።

ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። አላጽናናኝም። እኔ መፈራት አልፈልግም። የማይፈራኝን፣ የሚያስመልስብኝን፣ ላቡ የሚሸተኝን ባል ነው የምፈልገው። እሷ ያላትን እኔ እፈልጋለሁ፣ እኔ ያለኝን እሷ ትፈልጋለች፤ እሱ ደግሞ ውስጥ ተኝቶ ጉበቱ ያብጣል።

ያን ጊዜ ነበር እውነቱን መናገር የነበረብኝ፤ ንፍፊቱን ሐኪሙ አላየውም ማለት። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሰኞ፣ የካቲት 14

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛው ደህና ነው፣ አንተና አንቺን ብቻ ይቀላቅላል። ጫኔንና እኔን አስቀመጠን። አንጓች ውጭ ቀረች። የአዲስ አበባው መልስ መጥቷል፤ ግን ቁርጥ ያለ ነገር የለውም አለ። የላከው ሥጋ ቀጭን ስለሆነ በማጉያ መነጽር ያየው ሰው ሊወስን አልቻለም። ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ጉበቱ ራሱ ያበቀለው ነቀርሳ ነው። "እሱ ከሆነ እኔ እጄ ባዶ ነው" አለ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው፤ ንፍፊት የሚወጣባቸው እጢዎች አሉ አይደል፣ የእነሱ ነቀርሳ ነው፣ ሄዶ ጉበት ውስጥ የተቀመጠ። ሊምፎማ ይባላል አለ። ይኸኛውም ክፉ ነው፤ ግን መድኃኒት ይፈራል። አዲስ አበባ ሄደው ታክመው ዓመታት የኖሩ አሉ።

ለመለየት ጉበቱን በትልቅ መርፌ እንደገና መውጋት አለብኝ አለ፤ በዚህ ድካሙ ላይ ደም ቢፈሰው ሊሞት ይችላል። ወይም ደግሞ ሌላ ቦታ ያበጠ እጢ ከተገኘ፣ ያንን ቆርጦ መላክ ይቀላል።

"አንገት፣ ብብት አይቻለሁ፣ የለም። ብሽሽት አለሽ?" አለው ጫኔን።

"የለም" አለ ጫኔ።

ሐኪሙ እኔን አየኝ። ሚስቱ አይደለሁ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብሁትን እዚህ ካልጻፍሁት የትም አልጽፈውም። ብናገር እሱ ከአንጓች እንደሰማሁ ያውቃል። ከዳነም ያዳነችው እሷ ናት። ዕድሜ ልኩን፣ ስትጠራ በሰማ ቁጥር፣ አንጓች ባትመጣ ኖሮ ይላል። ይህን አሰብሁ። እሱ እዚያ ተቀምጦ፣ ክንዱ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ፣ እኔ ይህን አሰብሁ። ረጅም ጊዜ አልነበረም። ግን ነበረ።

"አለ" አልሁ። "ብሽሽቱ ላይ አለ። እንቁላል ያህላል፣ አያመውም።"

ጫኔ ዞሮ አየኝ። "ማን ነገረሽ?"

ራሴ አየሁት ማለት እችል ነበር። ተኝተው ሳሉ አየሁት ብል ያምነኝ ነበር።

"አንጓች ናት የነገረችኝ።"

ሐኪሙ ነርሷን አስወጣት። "ሱሪ አውልቂ" አለው። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። እኔም ልወጣ ተነሣሁ፤ ሐኪሙ ቁጭ በይ አለኝ። ጫኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አየሁት። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰው፤ ቆዳው ሥር ይንሸራተታል፤ እንደ ጎማ ነው አለ። ሌላም ትንንሽ ከሱ በታች አገኘ። ከዚያ ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። ደስ ያለው መሰለኝ። ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሐኪሙ ጠየቀው። ከመስከረም ጀምሮ፣ ከሆዴም በፊት፣ እሾህ የወጋኝ መስሎኝ ነበር አለ። ማታ ማታ የሚያልበኝም ያኔ ነው የጀመረኝ አለ። ይህን ሁሉ እኔ አጠገቡ ሆኜ አልሰማሁም ነበር።

ስንወጣ አላናገረኝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 15

ቆረጠው። በማደንዘዣ መርፌ፣ ብዙም ሳይቆይ። እጢውን በጠርሙስ አድርጎ አሳየኝ፤ ነጣ ያለ፣ የዓሣ ሥጋ የሚመስል። ነገ በሚሄደው መኪና ይልከዋል። እሱ በዓይኑ ሲያየው ሊምፎማ ነው ብሎ ያምናል፤ ቁርጡን ግን አዲስ አበባ ነው የሚናገረው። እስከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈለገም፤ ክኒን ጀመረለት። እብጠቱ ለክኒኑ ከቀለለ ግምቱ ትክክል መሆኑን ያሳያል አለ። ካልቀለለ? አልሁት። ትከሻውን ሰበቀ።

አንጓች ሄደች። ላሚቱ ልትወልድ ደርሳለች፣ ባሌም ይቆጣል አለች። ለጫኔ "በርታ" ብቻ ነው ያለችው። እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘኋት። ንፍፊቱን ሐኪሙ አይቶታል ብዬ እንደዋሸኋት ነገርኋት።

"አውቄያለሁ" አለች። "ወንዝ ላይ ፊትሽ ተናግሯል። ትነግሪዋለሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።"

ባልነግረውስ ኖሮ? አልኋት።

"እኔ ውጭ ቆሜ አልነበር? እገባ ነበር።"

ሳመችኝ። ሳምኋት። ልቤ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነበር ብል ውሸት ነው። ጀርባዋን እያየሁ፣ መሄዷ ደስ እያለኝ፣ ደግሞ ብቻዬን መቅረቴ እያስፈራኝ ቆምሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 17

አሁንም አያናግረኝም። ክኒኑን ሳቀርብለት ይውጣል። ውሃ ሳቀርብለት ይጠጣል። ትላንት ማታ ትኩሳቱ አልመጣም። አልተናገርሁም፤ ብናገር ይመጣል ብዬ።

ዛሬም አልመጣም።

እንቁላል በላ። ሌላ አለ ወይ አለ። ይኸ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19

ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ ዳበሰው። ሆዱ ላይ በቀለም ያሰመረው መስመር አለ፤ እብጠቱ ከዚያ በላይ ወደ ጎድኑ ሸሽቷል ይላል። ጥሩ ነው አለ። ደስ አይበላችሁ ገና፣ መልሱ ይምጣ፣ ከዚያም የአዲስ አበባ መንገድ አለ፣ ክኒኑ ብቻውን አይበቃም፣ በሽታውም ሊመለስ ይችላል አለ። ሁሉንም ሰማሁ። "ጥሩ ነው" ያለውን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ጫኔ ጣራውን እያየ ተናገረ። ለምን እንደደበቀኝ። ሲያገባኝ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ፣ ቀለም የቆጠርሁ፣ እሱ ከብት ለከብት የሚውል ሰው፤ አባቴ እያመነታ ነው የሰጠው። በእኔ ፊት ሁልጊዜ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ጤነኛ ሆኖ መታየት አለብኝ ይል ነበር። ከታመመ ደግሞ የባሰ። "ብታይኝ ትተይኛለሽ ብዬ" አለ።

አንጓች ስታይዎትስ ልለው ነበር። ተውሁት። በእሷ ስም ሌላ ቀን እንጣላለን፤ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።

"ኑሮዬ ከማን ጋር መሰለዎት?" አልሁት።

ብርድ ልብሱን ገለጠ። ሸሚዙን ራሱ ወደ ላይ ሰበሰበው። እጄን ያዘና በቀኝ በኩል ከጎድኑ በታች አስቀመጠው። ይሞቃል። ከቆዳው ሥር ጠንከር ያለ ነገር አለ፤ ሲተነፍስ አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል።

"አንሷል ወይስ ለእኔ መስሎኝ ነው?" አለኝ።

ምን ልበለው? ከዚህ በፊት ነክቼው አላውቅ።

"አላውቅም" አልሁት። "ነገ እነግርዎታለሁ።"

እጄን አላነሣሁም። እሱም አንሺ አላለኝም።